የጋፋቱ አማች

አያ ይርጋ ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት የሚወስደውን መንገድ የሚሄዱት በእግራቸው ሳይሆን በአፋቸው ነበር። እውነቴን ነው! ሌላው ሰው ሮጥ ሮጥ ብሎ የሚጨርሰውን መንገድ እሳቸው ድንጋይ ባዩ ቁጥር ይቆማሉ፣ በትራቸውን ይተክላሉ፣ "እዚች ላይ እኮ..." ብለው ይጀምራሉ፤ አለቀ! አብሯቸው የተነሣ ሰው ጉዳዩን ይርሳው። ገበያተኛው ከሩቅ ሲያያቸው በገብስ ማሳ አቋርጦ ይሰወር ነበር። ቄሱ ሳይቀሩ።

ወሬያቸው ሁሉ ስለ መድፉ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ፈረንጅ አስቀምጠው፣ የአገሩን ቀጥቃጭ ሰብስበው መድፍ ባሠሩ ጊዜ የአያ ይርጋ አባት ጎረምሳ ነበሩ። ያ ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ ወደ መቅደላ ሲጎተት መጫኛውን ትከሻቸው ላይ ካሳረፉት ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው። ገመዱ የተወውን ጠባሳ አያ ይርጋ በልጅነታቸው በጣታቸው ዳስሰውታል። እና ይኮራሉ። ለምን አይኮሩም? የት ገመድ ተበጠሰ፣ የት ጭቃ ዋጠው፣ የት ላይ ሰው ወደቀ፣ ሁሉን እንደ ዳዊት ይደግሙታል።

ታዲያ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። በመድፉ እንዲህ የሚኮሩት ሰውዬ ቀጥቃጭ ሲመጣ ካዩ መንገድ ይለቃሉ። እሳቸው ብቻ አይደሉም፣ አገሩ ሁሉ እንዲያ ነበር። ማረሻውን የሚያስለው ቀጥቃጭ ዘንድ ነው፤ ማጭዱንም ምሳሩንም የሚያሠራው እሱው ዘንድ ነው። ግን አብሮት ከአንድ መሶብ አይቆርስም፣ በዋንጫው አይጠጣም፣ ልጁን አይድርለትም። ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል ይባላል። ማን አየ? ማንም አላየም፤ ሁሉም ግን ያወራል። ጨዋ ነኝ የሚል ሰው ከቀጥቃጭ እጅ ከሚጎርስ ሆዱ ከጀርባው ቢጣበቅ ይመርጣል።

አያ ይርጋ ደግሞ አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ አበበች። አንድ ቀን ማረሻ ሲዶለዱምባቸው ማሩ ወደሚባለው የጋፋት ቀጥቃጭ ላኳት። ማረሻውን ስል አድርጋ አመጣች፤ ልቧን ግን እዚያው ትታው መጣች። ሽማግሌ ቢላክ፣ እናት ብታለቅስ፣ አባት ቢፎክር አልሰማ አለች። "እጁ ወርቅ፣ ጠባዩ ማር የሆነ ሰው ነው፤ ከእሱ ሌላ አልፈልግም" ብላ ጓዟን ጠቅልላ ሄደች። አያ ይርጋ በዚያው ቀን "ከእንግዲህ ልጅ የለኝም" አሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደጇን አልረገጡም፣ ስሟንም አላነሡም። እናቷ ፈንታነሽ ግን ገበያ ሄድኩ እያለች ጋፋት ትወርድ ነበር፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እንዳላወቀ ሰው ዝም ይሏታል። ስትመለስ ፊቷን ሰረቅ አድርገው ያያሉ። ፊቷ ደኅና ከሆነ ልጅቷም ደኅና ናት ማለት ነው።

ይህ ሁሉ በጣሊያን ጊዜ ነው። ጣሊያን ደብረ ታቦር ላይ ሰፍሯል፤ አርበኞቹ ደግሞ በጉና ጥግ ናቸው። የአርበኛ ጠመንጃ መቼም አርጅቶ ያለቀ ነገር ነው፤ ምላጩ ይሰበራል፣ ሰደፉ ይሰነጠቃል። ተሰብሮ ወደ ጋፋት የሚወርደው ጠመንጃ ግን ደኅና ሆኖ ይመለሳል። በማን እጅ? አገሩ ያውቃል፣ አይናገርም። አያ ይርጋም ያውቃሉ። "ያ ቀጥቃጭ እኮ ወንድ ነው" ብላ ፈንታነሽ አንድ ቀን ምድጃው ዳር ሹክ ብትላቸው ፊታቸውን አዙረው "እኔ ምን አገባኝ" አሏት።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ጠዋት ጭቃ ሹሙ ወርቁ እያለከለከ መጣ። የጣሊያኑ ካፒቴን ጥንታዊ ነገር ይወዳል፣ ጋፋትን በእግሩ ሄዶ ማየት ፈልጓል፣ መንገዱን የሚያሳየው ሰው ይምጣ ተብሏል። "ከአንቱ በቀር ማን ያውቀዋል?" አለ ጭቃ ሹሙ።

ፈንታነሽ ከጓዳ ብቅ አለች። "አንቱ ሰውዬ፣ ዛሬስ ምላስዎን ይጠብቁልኝ! አንዴ ከጀመሩ ማቆሚያ የለዎትም።"

"ተይኝ እስቲ! ስለ ድንጋይ ነው የሚጠይቁኝ፤ ድንጋይ አይታሰር" ብለው ጋቢያቸውን አጣፉና ወጡ። እምቢ ማለት እንደማይቻል ያውቃሉ። እንዲያውም እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ የማያመልጥ አድማጭ በማግኘታቸው ውስጣቸው ደስ ብሎታል።

ካፒቴኑ ቀጭን፣ ፀሐይ ያቀላው ሰው ነበር። አንገቱ ላይ ፎቶ ማንሻ አንጠልጥሏል። አስተርጓሚው የሱፍ ነው፤ የደብረ ታቦር ገበያ የጨርቅ ነጋዴ፣ አስመራ ሲመላለስ ጣሊያንኛ የለመደ። ወድዶ አይደለም፤ ሱቁን እንዳይዘጉበት ብሎ ነው። ከኋላ ቡሉቅባሽ ካሳሁን ይከተላል። ካሳሁን ለጣሊያን ያደረ የባንዳ አለቃ ነው፤ የደጋ ሰው፣ የቤተሰቡን ጨዋነት ሳይጠየቅ የሚያወራ፣ ጢሙን እየጠመዘዘ የሚራመድ። ጥቂት ወታደሮችም ነበሩ።

ቀኑስ ምን የመሰለ ቀን ነበር! ብርዱ ገና አልለቀቀም፤ የጉና ራስ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ገብሱ ወደ ቢጫ ሄዷል፣ ተልባው አልፎ አልፎ ሰማያዊ አበባውን አልጣለም። ከከተማው ወጥተው ቁልቁል ሲጀምሩ አያ ይርጋ ቆሙ፣ በትራቸውን ተከሉ። "እዚች ላይ እኮ ገመዱ ተበጠሰ" አሉ። "መድፉ ወደ ኋላ ሲንሸራተት ሕዝቡ 'ኡኡ' አለ። አባቴ ድንጋይ አንሥተው ከሥሩ ወሸቁ። ያቺውላችሁ ድንጋይዋ!"

የሱፍ ተረጎመ። ካፒቴኑ ደስ ብሎት ድንጋይዋን ፎቶ አነሣት። አያ ይርጋ ሰማይ ደረሱ። የእሳቸው ወሬ ፎቶ ሲነሣ የመጀመሪያው መሆኑ ነው! ከዚያ በኋላማ ማን ያቁማቸው? ዛፍ ሥር ይቆማሉ፣ ረግረግ ዳር ይቆማሉ፣ ባዶ ሜዳ ላይ ሳይቀር ይቆማሉ። ካሳሁን ያዛጋል። የሱፍ ጉሮሮው ደረቀ።

ጅረቱ ጋ ሲደርሱ ካፒቴኑ ጫማውን አውልቆ እግሩን ውኃ ውስጥ ነከረ። ካሳሁንም ወደ ላይ ሄዶ ከወታደሮቹ ጋር ሲጋራ አቀጣጠለ። ይህን ጊዜ የሱፍ ውኃ የሚጠጣ መስሎ አያ ይርጋ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

"አያ ይርጋ፣ አላህ ያሳይዎት፣ ጮክ አይበሉ" አለ ዝቅ ብሎ። "ይሄ ካፒቴን በእርግጥም ድንጋይ ይወዳል። ካሳሁን ግን ለድንጋይ አልመጣም። የአርበኞቹን ጠመንጃ የሚያበጅ ቀጥቃጭ ጋፋት አካባቢ አለ ተብሏል። ካገኙት ገበያው መሃል ሊሰቅሉት ነው። ሲጠይቁዎት ይጠንቀቁ።"

አያ ይርጋ ክው አሉ። እጃቸው ላይ የያዙት ውኃ በጣታቸው መሃል ፈሶ አለቀ።

ከጅረቱ ወዲያ ያለውን ዳገት ሲወጡ መተንፈሻ አጥተው ነበር፤ በዳገቱ አይደለም። እውነቱን ልንገራችሁና፣ አንድ ክፉ ሐሳብም በልባቸው ሽው ብሎ አለፈ። ዝም ብል ምናለ? አልጠቁም፣ ዝም ብቻ ልበል። ማሩን ይወስዱታል፤ አበበች ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ነውሩም ያልቃል። ወዲያው የልጃቸው ፊት መጣባቸው። ገበያው መሃል ቆማ ቀና ብላ የምታየው ፊት። "እመቤቴ ድንግል ማርያም፣ ይህን ያሰብኩትን አትቁጠሪብኝ" አሉ በልባቸው።

ጋፋት ላይ ወጡ። ከላይ ሆነው ሲያዩት አገሩ ተዘርግቷል፤ ማሳው፣ ጅረቱ፣ በወይራና በኮሶ የተከበቡት አብያተ ክርስቲያናት፣ ከወዲያ የደብረ ታቦር ጭስ። ከእግራቸው ሥር ጥቁር፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ከድንጋይ የሚከብድ ነገር ተበትኗል። ካፒቴኑ አንዱን አንሥቶ መዘነው፤ ምንነቱን ጠየቀ።

"የብረት አር ነው" አሉ አያ ይርጋ። "ብረት ሲቀልጥ የሚጣለው ዝቃጭ። እዚህ ወናፍ ሲነፋ ጉና ላይ ይሰማ ነበር ይላሉ።"

"መድፉን የሠሩት ፈረንጆቹ ብቻ ናቸው?" ሲል ካፒቴኑ ጠየቀ።

"ኧረ እነሱ ብቻስ አይደሉም! ከሰሉን ያከሰለው፣ ወናፉን የነፋው፣ ብረቱን የቀጠቀጠው ሁሉ የዚሁ አገር..." ብለው ምላሳቸው ተሳሰረ። ለካ እስከዛሬ ይህቺን ነገር አስበዋት አያውቁም! መድፉን አባታቸው ጎተቱት እንጂ አልሠሩትም። ያ ሁሉ የኖሩበት ኩራት፣ ቄሱን ሳይቀር ያሰለቹበት ኩራት፣ የማን እጅ ሥራ ነው? አብረዋቸው ሊበሉ የሚጸየፏቸው ሰዎች እጅ ሥራ።

"የነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆችስ የት ናቸው?" አለ ካፒቴኑ። ካሳሁን ሲጋራውን ጣለና ጠጋ አለ።

"አለቁ" አሉ አያ ይርጋ። "መድፉን ተከትለው መቅደላ ሄደው ዘራቸው ጠፋ።"

ይህችን ብቻ ብለው ዝም አሉ። ጠዋት ሙሉ ስለ አንዲት ድንጋይ ሲያወሩ የነበሩ ሰውዬ! ካሳሁን ዓይኑን ሰካባቸው። ልክ በዚያች ሰዓት፣ እግዜር ሲፈትን እንዲህ ነው፣ ከኮረብታው ሥር ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል የመዶሻ ድምፅ ተሰማ።

"ያ ምንድን ነው?" አለ ካሳሁን።

ካሳሁን ፈገግ አለና ወታደሮቹን በእጁ ጠርቶ ቁልቁል ጀመረ። ይህን ጊዜ ነው አያ ይርጋ እንደ ጎረምሳ ዘለው ከፊቱ የተገኙት።

"የልጄ ባል ነው!" አሉ። ቃሏ ከአፋቸው ስትወጣ ራሳቸውን ደነቃቸው፤ በሕይወታቸው ብለዋት አያውቁም። "ገበሬ ነው፤ ሞፈርና ማረሻውን እያጠበቀ ይሆናል። ይልቅ ኑ ቤቱ እንውረድ! እንግዳ ይዤ ደጇን ባልፍ ልጄ ትቀየመኛለች።"

ከዚያም ጋቢያቸውን እየጎተቱ ቀደሙ። እንዲያ የተጮኸ ጩኸት ጋፋት መድፉ ከሄደ ወዲህ ሰምታ አታውቅም። "አበበች! ኧረ አበበች! አባትሽ ነኝ! እንግዳ ይዤ መጥቻለሁ! ካፒቴኑ መጥቷል፣ ቡሉቅባሽ ካሳሁን መጥቷል፣ ወታደር መጥቷል! ቤትሽን ጠርገሽ ጠብቂን!" ሸለቆው ተቀብሎ አስተጋባላቸው። የመዶሻው ድምፅ ቀጥ አለ።

አበበች በሩ ላይ ስትቆም ፊቷ ላይ ደም አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያላየቻቸው አባቷ ከነወታደሩ ዱብ ሲሉባት ምን ታስብ? ባሏን ሊያስይዙባት የመጡ መሰላት።

"አባዬ?"

"ምን ይገትርሻል? እንግዳ ቤት አይገባም?" ብለው ጉንጯን ሳሙ፤ ሲስሟትም ጆሮዋ ሥር "አይዞሽ" አሏት። ጠረኗ የልጅነቷ ጠረን ነው። ግን ጊዜው የዚያ አልነበረም።

ማሩ ከጓሮ ዞሮ መጣ፤ ረጅም፣ አንገቱን ደፋ የሚያደርግ ሰው። ግንባሩ ላይ ላብ ነው፣ እጁ ጥቁር ነው፣ ፀጉሩ ውስጥ የገብስ ጭድ ተሰክቷል። ወናፉን፣ ብረት የሚቀጠቀጥበትን መስፉንና የተፈታታውን ምንሽር ለክፉ ቀን ባበጀው የገብስ ክምር ውስጥ እንደ ወሸቀ ጭዱ ይመሰክር ነበር፤ ደግነቱ ለጭድ የሚጠረጠር ገበሬ የለም። ካሳሁን ጓሮውን ዞሮ ተመለሰ። እጁ ላይ ትኩስ ከሰል ነበር።

"ይሄስ?"

"ጥሻ መንጥሬ ሳቃጥል ነው የዋልኩት" አለ ማሩ።

"እጅህስ?"

"እሱው ነው፣ ጌታዬ።"

ካሳሁን ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ያገኘ ሰው ሳቅ ነው። ወደ አያ ይርጋ ዞረ። "አንተ ሽማግሌ፣ ይሄ ሰው ቀጥቃጭ ነው።"

"አማቼን ነው ቀጥቃጭ ያልከው?" አሉ አያ ይርጋ፤ የእውነት ነበር የተቆጡት። "የይርጋን ልጅ ቀጥቃጭ ያገባታል? ልጄን ከማን ጋር ነው የምታውላት?"

ካሳሁን ጢሙን ጠመዘዘ። የአገሩን ወግ የሚያውቅ ሰው ነው፤ እና ያ እውቀቱ ትልቅ ማጥመጃ መሰለው። ለካፒቴኑ በየሱፍ በኩል፣ "አሁን ያዩታል፤ የዚህ አገር ጨዋ ከቀጥቃጭ እጅ አይጎርስም፣ ቢገድሉት አይጎርስም" ብሎ አስነገረ። ከዚያ ለአያ ይርጋ፣ "እሺ፣ ጨዋ ከሆነ ምግብ ይምጣና ከእጁ ጉረስ። እኔም ልይ" አላቸው።

ሁሉም ቤት ገብተው ተቀመጡ። አበበች መሶቡን አምጥታ ከፈተች፤ የገብስ እንጀራና የአተር ክክ ወጥ። ማሩ ታጠበ፤ ደግሞም ታጠበ። ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር ግን አልለቀቀም። እንጀራውን ቆርሶ፣ ጠቅልሎ፣ ወደ አያ ይርጋ አፍ አስጠጋና ቆመ። ዓይኑን ቀና አድርጎ አያቸው። እሱም በዕድሜው ለጨዋ ሰው እጁን ዘርግቶ አያውቅም፤ "ልተወው እንዴ?" የሚል ይመስል ነበር። ልተወው ማለት ደግሞ ልሰቀል ማለት ነው።

አያ ይርጋ በዚያች ቅጽበት ያላሰቡት የለም። ይህ ወሬ ከተማ ይደርሳል። ማሩ ማን እንደሆነ ጣሊያን ባያውቅ አገሩ ያውቃል። የሰንበቴ ማኅበራቸው ሰዎች ዋንጫቸውን ይለዩባቸው ይሆናል። ጎረቤት "ይርጋ ከቡዳ እጅ በላ" ይላል። አባታቸው ከመቃብር ቀና ብለው ያዩዋቸው መሰላቸው። ሆዳቸውም ፈራ፤ ለምን ይዋሻል፣ ከልጅነት የተማሩት ፍርሃት ነው፣ በአንድ ቀን አይለቅም። ደግሞ አበበችን አዩ። መሶቡን በሁለት እጇ ጨብጣ ትንፋሿን ውጣለች።

አፋቸውን ከፈቱ። እንደ ሕፃን፣ ሰፋ አድርገው ከፈቱ። ጎረሱ።

አኘኩ፣ ዋጡ። ምንም አልሆኑም። እንዲያውም ወጡ የፈንታነሽ እጅ ነበረበት፤ ልጅቷ የእናቷን ሙያ አልረሳችም። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "በርበሬው ነው" አሉ ማንም ሳይጠይቃቸው።

የካሳሁን ፊት ተለወጠ። ሽማግሌው እየጎመዘዛቸው ይውጡት እንደሆነ ብሎ አፍ አፋቸውን ሲያይ ቆይቶ፣ ተስፋ ቆረጠ። ለእሱ ነገሩ አበቃ። ሰው ለአማቹ ነፍስ ሲል ሊዋሽ ይችላል፣ ሊምል ይችላል፤ ጨዋ ሰው ግን ከቀጥቃጭ እጅ ሊጎርስ አይችልም፤ እንዲህ ያለ ነገር በካሳሁን ጭንቅላት ውስጥ ቦታ አልነበረውም። "ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ፣ ተሳስቼ ነው" አለ፤ አንተታውንም በዚያው ጣለው።

ማሩ ወዲያው ሌላ ጠቅልሎ ለካፒቴኑ አቀረበ። ካፒቴኑ ሳያንገራግር ጎረሰና "ቦኖ! ቦኖ!" አለ። ቀጥሎ ለካሳሁን። ኧረ ጉድ በሉ! ያ የቤተሰቡን ጨዋነት ሳይጠየቅ የሚያወራ ካሳሁን፣ ጢሙን በእጁ ሰብስቦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከማሩ እጅ ጎረሰ። ጣመው። ሁለተኛም ጎረሰ፣ ሦስተኛም ጎረሰ፣ ጣቱንም ላሰ። "እጅህ ይባረክ፤ ሚስትህ ባለሙያ ናት" አለ። አበበች ወደ ጓዳ ሮጠች፤ ሳቋን አፍና ልትሞት ነበር። የሱፍ ሲቀርብለት "እኔ በልቻለሁ፣ ይስጥልኝ" ብሎ ፊቱን በበሩ ወደ ጉና አዞረ፤ ትከሻው ግን ይርገፈገፍ ነበር።

ካፒቴኑ የመድፉን አገር ፎቶ፣ አንዲት ቁራጭ የብረት አርና የጠገበ ሆድ ይዞ ሲነሣ አያ ይርጋ፣ "እኔ ልጄ ዘንድ እውላለሁ፤ መንገዱን እንደሆነ የሱፍም ሲሰማው ውሏል" አሉ። የሱፍ ሊሰናበታቸው ጠጋ ብሎ፣ "አያ ይርጋ፣ የዛሬዋንስ ስንት ዓመት ሊያወሩልን ነው?" አላቸው በሹክሹክታ። "ሂድ ወዲያ!" አሉና ጀርባውን ቸብ አደረጉት።

ሰልፉ ዳገቱን ወጥቶ ከኮረብታው ወዲያ ተሰወረ። ድምፃቸው ሲጠፋ ቤቱ ውስጥ ሦስቱ ብቻ ቀሩ፤ አባት፣ ልጅና ቀጥቃጩ። ማሩ ቀስ ብሎ ከመሶቡ ራቀ፤ ሄዶ ከበሩ ጥግ፣ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ጨዋ ቤት ሲገባ የሚቀመጥባት ቦታ ያች ናት፤ ይህ የገዛ ቤቱ መሆኑን ረስቶታል።

"አባቴ፣ ስለ ነፍሴ ብለው ነው፤ አውቃለሁ" አለ አንገቱን ደፍቶ። "ከኛ አፍ አይወጣም። ለወገን ካስፈለገም 'ተገድጄ ነው' ይበሏቸው፤ እውነት ነው።"

አበበች በጣሳ ውኃ ይዛ መጣች። "አባዬ፣ አፍዎን ይጉመጥመጡ" አለች ቀስ ብላ። ድምፅዋ ውስጥ ቅያሜ አልነበረም፤ አባቷን ታውቃቸዋለች።

አያ ይርጋ ጣሳውን ተቀበሉ። ወደ ደጅ ሊወጡ የተነሡ መሰሉ። ከዚያ ጣሳውን አፋቸው ላይ አድርገው ጥርግ አድርገው ጠጡትና ለአበበች መለሱላት። ማሩን አዩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ደኅና አድርገው አዩት፤ እጁን፣ ቃጠሎ የጠባበሰውን ክንዱን፣ በገዛ ደጁ ላይ እንደ እንግዳ የተኮራመተበትን አቀማመጥ። ምን እንደሚሉ ጠፋቸው። እሳቸውን! ቃል ጠፋቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ መሶቡ አጠገብ ተመልሰው ቁጭ አሉ፤ በመጨረሻ ቁጣ ቁጣ አላቸው።

"አንተ፣ ምን ሆነህ ነው እዚያ የተወተፍከው? ለዚያ ለባንዳ ሦስት አጉርሰህ ለአማትህ አንዲት ብቻ! ኧረ ነውር ነው! ና፣ ቀረብ በልና ሁለተኛዋን አጉርሰኝ።"

ማሩ ተነሣ። እጁን ሊታጠብ ወደ ውኃው ሲዞር አያ ይርጋ "ተወው፣ ንጹሕ ነው" አሉት።